ፖም ያለ ጎረቤት አያፈራም
(ለዩኒየኑ የምሥረታ በዓል የቀረበ ንግግር)



ከመሪ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣው አገር ደጋ ነው። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ማንጎ የቆላ ተክል በመሆኑ እዚህ አይሆንለትም፤ ብርዱ የሚስማማው ለፖም፣ በሰፊው አፕል ለሚባለው ነው። በጋሞም እንዲሁ ነው፤ ከታች በአርባ ምንጭ ማንጎና ሙዝ፣ ከላይ በጨንቻ ፖም ይለማል።

አንድ አባወራ በጓሮው ስድስት የተከተቡ የፖም ችግኞች ተከለ እንበል። ሁሉም «አና» የተባለው ዝርያ ናቸው። ኮተኮተ፣ ፍግ ጨመረ፣ ውኃ አጠጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፎቹ በአበባ ተሸፈኑ፤ ነገር ግን የያዘው ፍሬ በጣት የሚቆጠር ሆነ። በዓመቱም ያው ነው። አባወራው መጥረቢያ ቢያነሣ ማን ይፈርድበታል? ይሁን እንጂ ጥፋቱ የዛፎቹ ላይሆን ይችላል።

አብዛኛው የፖም ዝርያ በራሱ የአበባ ብናኝ በሚገባ አያፈራም። የሌላ ዝርያ ብናኝ በንብ ገላ ተጭኖ መምጣት አለበት። ከአንድ ዝርያ የተከተቡ ዛፎች መቶም ቢሆኑ በዚህ ረገድ እንደ አንድ ዛፍ ናቸው። ለ«አና» ጥሩ አጣማጅ ሆኖ የሚታወቀው፣ አብሮት የሚያብበው «ዶርሴት ጎልደን» ነው።

ይህን ለማወቅ ፍሬውን አግድም መቁረጥ ይበቃል። በመካከሉ አምስት ክፍሎች ይታያሉ፤ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ዘር ቢኖር አሥር ይሆናል። ዘሩ ጥቂት፣ ፍሬውም ጠማማ ከሆነ ብናኝ አንሶታል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦

1ኛ. አዲስ ተካይ ሁለት ዝርያ አቀላቅሎ ይትከል። ከስምንት እስከ አሥር ለሚሆኑ ዛፎች ቢያንስ አንድ አጣማጅ በቅርብ ይኑር።

2ኛ. ዛፎቹን የተከለ አይቁረጣቸው። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ የሌላውን ዝርያ ቡቃያ ያስከትብ። እስኪደርስ ድረስ በአበባው ወቅት ያበበ የአጣማጅ ቅርንጫፍ በውኃ ባልዲ አድርጎ ከዛፎቹ መካከል ያስቀምጥ።

3ኛ. አበባ ላይ ፀረ ተባይ ኬሚካል አይረጭ። ንብ ከሞተች ብናኙን የሚያመላልስ አይኖርም። ብርድና ዝናብ ንብን ከቀፎ ስለማያስወጣት ቀፎው በአትክልቱ አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያገኝበትና ከነፋስ በተከለለ ቦታ ይቀመጥ።

የከተማ ዳር ጓሮ ጠባብ ነው፤ ለሁለት ዝርያ ቦታ የሌለው ብዙ ነው። ንብ ግን አጥር አይገድባትም። አንዱ ጎረቤት «አና»፣ ሌላው «ዶርሴት ጎልደን» ቢተክል ሁለቱም ያፈራሉ። ችግኝ በማኅበር ሲገዛም የዝርያው ስም ተጠይቆ፣ ተመዝግቦና ተመጣጥኖ ይታደል። ያለዚያ የአባላት ገንዘብና የዓመታት ድካም አበባ ሆኖ ይረግፋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለፖምም ይሠራል።

መልካም በዓል!