መጀመሪያ ፊቷ ይታይ

ለትናንሽ የሙዚቃ ባንዶች የተዘጋጀ የመድረክ መብራት ሥልጠና፤ ቡሹሎ፣ ሐዋሳ፤ የመክፈቻ ንግግር



ቅዳሜ ማታ ነው እንበል። ሐይቁ ዳር ካሉት ግቢዎች በአንዱ ሠርግ አለ። ባንዱ አምስት ሰው ነው፤ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ ማሲንቆና አንዲት ድምፃዊት። ከጀርባቸው ስምንት መብራት ተደርድሯል። ድምፃዊቷ ትዝታ ትጀምራለች፤ ማሲንቆው ብቻውን ያጅባታል። መብራቶቹ ግን ድምፅ እየሰሙ በራሳቸው እንዲጨፍሩ ተደርገው ስለተተዉ ለትዝታው ደንታ የላቸውም። አንድ እንግዳ ሲስቅ ቀይ ይሆናሉ፣ ሳህን ሲንኳኳ ሰማያዊ፣ ሚዜዎቹ ሲያጨበጭቡ ደግሞ ሁሉንም ቀለም በአንድ ጊዜ። በማግስቱ ቪዲዮው ሲታይ ግቢው በቀለም ተጥለቅልቋል፤ የሐበሻ ቀሚሷ ያበራል፤ ከአንገቷ በላይ ግን ጥቁር ጥላ እንጂ ፊት የለም።

ይህን ያላየ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም። የሚገርመው ገንዘቡ መውጣቱ ነው። መብራት አልጠፋም፤ የጠፋው የመብራቱ ቦታ ነው።

ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ዳስ ውስጥ ማሾ ወይም ፋኖስ ምሰሶው ላይ ሲሰቀል አዝማሪው የት መቆም እንዳለበት ማንም አይነግረውም ነበር። ዞሮ ዞሮ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ወደሚያርፍበት ይመጣል። ምክንያት ነበረው። ሰሙ ከአፉ ሲወጣ ወርቁ የሚነበበው ቅንድቡ ላይ ነው፤ ፊቱ ያልታየ አዝማሪ የግጥሙን ግማሽ ይዞ ይቀራል። ያ አንድ ማሾ የሠራውን ሥራ ዛሬ ስምንት መብራት ሳይሠራው ሲቀር ጥፋቱን መሣሪያው ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ባንድና ሆቴል በኢትዮጵያ የቆየ ዝምድና አላቸው። አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ባንድ በሂልተን፣ ዳህላክ ባንድ በግዮን ይጫወቱ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ አንድ ጊዜ የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ሙዚቀኞቹም አብረውት ያነጉ ነበር። እንደዚያ አንድ ቤት ረግጦ የሚቆይ ባንድ ዕቃውን አንድ ጊዜ ዘርግቶ ይተወዋል። የዛሬው ትንሽ ባንድ ግን ዓርብ ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ሻሸመኔ፣ እሑድ ይርጋለም ነው፤ ዕቃውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ ይሄዳል፣ በአንድ ሰዓት ዘርግቶ በግማሽ ሰዓት ይሰበስባል። የሱ መብራት ትንሽ፣ ቀላልና ከማንኛውም ሶኬት የሚሠራ መሆን አለበት።

መብራት እንዲህ ትንሽና ቀላል ለመሆን የበቃው በሰማያዊ ብርሃን ምክንያት ነው። ቀይና አረንጓዴ ኤልኢዲ ቀደም ብለው ነበሩ፤ ደማቅ ሰማያዊው ግን እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አስቸግሮ ቆየ። ሰማያዊው ከሌለ ደግሞ ከቀለማቱ ቅልቅል ነጭ ብርሃን አይወጣም። ያንን ቋጠሮ የፈቱት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ውጤቱ በሒሳብ ሲታይ ይህን ይመስላል። እያንዳንዳቸው 1000 ዋት የሚበሉ 8 የድሮ ፓር መብራቶች 8000 ዋት ይፈልጋሉ፤ በ220 ቮልት ከ36 አምፔር በላይ ማለት ነው፤ የአንድ ተራ ሶኬት መስመር ቀርቶ የብዙ ቤት ዋና ብሬከር አይችለውም። እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሚወስዱ 8 ኤልኢዲ ፓሮች 800 ዋት፣ ከ4 አምፔር በታች ናቸው። ጀነሬተሩ ሳያቃስት ሳውንድ ሲስተሙን ጨምሮ ይሸከማቸዋል።

እንግዲህ አራት መብራት ብቻ ያለው ባንድ የት ያቁማቸው? ሁለቱ ከፊት፣ በግራና በቀኝ፣ ከዘፋኟ ፊት 45 ዲግሪ ገደማ ጎን ብለው፣ ስታንዳቸው እስከ ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ታች እያዩ። ሁለቱ ከኋላ፣ ትከሻና ፀጉር ላይ መስመር እየሳሉ። ፊት ለፊት ከግንባር የሚመታ መብራት ፊቱን እንደ መታወቂያ ፎቶ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከመሬት ወደ ላይ የሚመታው ደግሞ በልጅነት ባትሪ አገጭ ሥር ይዞ ማስፈራራትን ያስታውሳል። የኋላዎቹ ይሽከርከሩ፣ ቀለም ይቀያይሩ፤ ማንም አይከለክላቸውም። የፊቶቹ ግን ሥራቸው አንድ ነው፤ ሙቀት ያለው ነጭ ሆነው ቁጭ ማለት።

ርቀቱም ቀልድ አይደለም። መብራቱ ከዘፋኟ ሁለት ሜትር ሲርቅ የነበረው ድምቀት አራት ሜትር ሲርቅ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። የአዳራሽ ሠራተኞች ስታንዱን «እንግዳ እንዳያደናቅፍ» ብለው ግድግዳ ሲያስጠጉት የሚጠፋው ይኼ ሦስት አራተኛ ነው።

የነጭ ልብስ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። የውጭ መማሪያዎች መድረክ ላይ ነጭ አትልበሱ ብለው በአንድ መስመር ይዘጉታል። የሐበሻ ልብስ ለብሶ የሚጫወት ባንድ ምን ይሁን? ነጭ ጥበብ ብርሃንን ከጠይም ፊት ብዙ እጥፍ መልሶ ይረጫል። ስልኩ ወይም የቪዲዮ ካሜራው የሚለካው ያንን ነጭ ስለሆነ መጠኑን ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ፊቱ ይጨልማል። ድምቀት መጨመር አያድንም፤ ቀሚሱም አብሮ ይደምቃልና። የሚያድነው መብራቱን ትንሽ ቀና አድርጎ የጨረሩ እምብርት ደረት ላይ ሳይሆን ግንባር ላይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ቀሚሱ ላይ የጨረሩ ጠርዝ ብቻ እንዲወድቅ መተው ነው። የሁለት ጣት ያህል ማዘንበል ነው፤ መፍቻም አይፈልግም። ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብቻ የተቀመመ ነጭ ደግሞ ጠይም ፊትን አመድ ያለብሳል። መብራቱ ውስጥ ቢጫ ወይም ሞቃት ነጭ አምፖል ካለ ለፊት የሚመረጠው እሱ ነው፤ ከሌለ ሰማያዊውን ዝቅ፣ ቀዩን ከፍ ማድረግ ይረዳል። አረንጓዴ ብቻውን ፊት ላይ መጣል ግን የታመመ ሰው መሥራት ነው።

አሁን ወደ መቆጣጠሪያው። ዲኤምኤክስ 512 የሚባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የቴአትር ቴክኖሎጂ ተቋም የወጣ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን አልፎትም ከትንሹ የሠርግ መብራት እስከ ትልልቁ አዳራሽ ድረስ የሚሠራው እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ቁጥሮቹን ነው፤ ፖስታ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ሰው ግን ሊፈራቸው አይገባም። በአንድ መስመር 512 የፖስታ ሣጥን አለ እንበል። በእያንዳንዱ ሣጥን ከ0 እስከ 255 የሆነ አንድ ቁጥር ይገባል። ሰባት ሣጥን የሚጠቀም መብራት አድራሻው 001 ከሆነ ከ1 እስከ 7 ያለው የሱ ነው፤ አንደኛው ሣጥን ጠቅላላ ድምቀት፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ቀለማት፣ አምስተኛው ብልጭታ፣ የቀሩት የመብራቱ የራሱ ፕሮግራሞች። (እንደ ሥሪቱ ቅደም ተከተሉ ይለያያልና ከመብራቱ ጋር የመጣችውን ቁራጭ ወረቀት የሚጥል ሰው በኋላ ይቆጨዋል።) ሁለተኛው መብራት ከ008 ይጀምራል፣ ሦስተኛው ከ015፣ ስምንተኛው ከ050። ሁለተኛው በስህተት 005 ቢሰጠው የጎረቤቱን ደብዳቤ መክፈት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ብልጭ በል ሲባል ሁለተኛው ይደምቃል፣ ባንዱም «መብራቱ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል። ሁለት መብራቶችን ሆን ብሎ አንድ አድራሻ ላይ ማስቀመጥ ግን ይቻላል። የፊቶቹ ሁለቱ 001 ላይ ቢቀመጡ እንደ መንታ አብረው ይደምቃሉ፣ አብረው ይደበዝዛሉ።

የዲኤምኤክስ ገመድ የማይክራፎን ገመድ ስለሚመስል ሁሉም የማይክራፎኑን ይሰካል። በአጭር ርቀት ይሠራል፤ ችግሩ የሚመጣው ርቀቱ ሲረዝምና መብራቱ ሲበዛ ነው። ምልክቱ ገመዱ ጫፍ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ መብራቶቹ ያለ ምክንያት መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። መድኃኒቱ ትንሽ ነው። በባለሦስት እግሩ መሰኪያ ውስጥ 2ኛውና 3ኛው እግር መካከል አንዲት የ120 ኦም ሬዚስተር በይዶ የመጨረሻው መብራት መውጫ ላይ መሰካት። ዛሬ ከሰዓት እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ አንድ በይዶ ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል።

ማን ይቆጣጠረው? ትንሽ ባንድ የመብራት ሰው ቀጥሮ አይዘልቅም። ስለዚህ ብዙዎቹ መብራቱን ለራሱ ጆሮ ይተዉታል፤ ውጤቱ ከላይ ታይቷል። የተሻለው በእግር የሚረገጥ ትንሽ መቆጣጠሪያ ኪቦርድ ተጫዋቹ እግር ሥር ማኖር ነው። አራት ቁልፍ ይበቃል። አንዱ ለትዝታና ለአንቺሆዬ፤ ከፊት ሞቃት ነጭ፣ ከኋላ የማይንቀሳቀስ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቅያሬው በአምስት ሰከንድ ቀስ ብሎ። ሁለተኛው ለችክችካ፤ የኋላዎቹ በቀይና በብርቱካናማ መካከል ይመላለሳሉ፣ ፍጥነቱን ግን ሰው ነው የሚሞላው፤ ምክንያቱም መብራቱ ራሱ ሲቆጥር የስድስት ስምንተኛውን ምት ከጭብጨባው መለየት አይችልም። ሦስተኛው ለጭፈራ ነው፤ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ሕዝቡ ራሱ ጨፋሪ ሲሆን አንድ ሁለቱ የኋላ መብራቶች ወደ ታዳሚው ቢዞሩ ደስ ይላል። አራተኛውን ሁሉም ይረሳዋል። ዘፈን አልቆ ድምፃዊቷ ሙሽሮቹን ስትመርቅ የሚረገጠው ነው፤ ሁሉም እንቅስቃሴ ቆሞ ፊቷ ብቻ የሚታይበት።

የኋላ መብራት ብልጭታን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚብለጨለጭ ብርሃን፣ ለብርሃን ስሱ በሆኑ የሚጥል በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ሠርግ ላይ ማን ምን እንዳለበት አይታወቅም። ከአንድ አፍታ በላይ ብልጭታ የሚፈልግ ዘፈን ደግሞ እስካሁን አልተደረሰም።

ከቤት ውጭ፣ በተለይ በሐይቁ ዳር፣ ሌላ ታዳሚ አለ፤ ትንኝ። ነፍሳት ወደ ሰማያዊና ወደ ወይን ጠጅ ጨረር ይጎርፋሉ፤ ቢጫውን ያን ያህል አይወዱትም። ከዘፋኝ አጠገብ ሰማያዊ መብራት የተከለ ሰው በከፍተኛው ኖታ ላይ ስታስል ቢሰማት አይደነቅ። ሰማያዊው ራቅ ብሎ ከኋላ ይሁን፤ ከፊት ያለው ቢጫ ይሁን። ነፋስም አለ። ሦስት ሜትር የወጣ ስታንድ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ካልተጫነበት፣ መብራቱም ከመያዣው ሌላ በሽቦ ገመድ ካልታሰረ፣ ከሥሩ የሚሮጡት የሠርግ ሕፃናት ናቸው።

ኤሌክትሪኩ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የተጠቀለለ ረጅም ዲቫይደር ሳይዘረጋ ጭነት ሲሸከም ውስጥ ለውስጥ ይሞቃል፤ ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ሽታው ከምግቡ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ልብ የሚለው የለም። የኤርዝ እግሩ ተሰብሮ በናስትሮ የተጠቀለለ መሰኪያ ከብረት ስታንድና እርጥብ ሣር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ማብራራት አያስፈልግም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ የስንት ሙዚቀኛ መድረክ የነበረውን ጃዛምባን ይዞ ሄዷል፤ እንጨት የበዛበት አሮጌ ቤት እሳት ከያዘው እንዴት እንደሚፈጥን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። በብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ኪስ በተባለ የምሽት ክበብ ውስጥ አንድ ባንድ ለቤት ውጭ የተሠራ ርካሽ ርችት ጣሪያ ሥር ለኮሰ፤ የድምፅ መከላከያው ስፖንጅ ተያያዘና 242 ሰው ሞተ። እነሱም ባንድ ነበሩ፤ እነሱም መድረካቸው እንዲያምር ነበር የፈለጉት። በዚህ ሥልጠና ርችት የለም፤ ጭስ ማሽንም የሚነካው በመጨረሻው ቀን፣ በሩ ተከፍቶ ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ውጭ፣ ዛፉ ሥር ነው። አራት መብራት፣ ሁለት ስታንድና አንድ ነጭ ሸማ ተዘጋጅቷል። ሸማውን የሚለብስ አንድ ፈቃደኛ ያስፈልጋል፤ የቀሩት ስልካቸውን ይዘው ይምጡ፤ ርካሽ ኤልኢዲ ዝቅ ሲደረግ ቪዲዮ ላይ ጥቁር መስመር የሚጥለው የትኛው እንደሆነ በዓይን ሳይሆን በካሜራ ነው የሚለየው። ገመዱን የሚዘረጉት ድራም ተጫዋቾች ይሁኑ፤ ሲሰበሰብ ሁልጊዜ የሚጠፉት እነሱ ናቸውና።

ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል።