የዓለም ሃይማኖቶች ጥናት በዩኒቨርሲቲ

1ኛ አቅራቢ፦ ፕሮፌሰር ኒኒያን ስማርት በ1967 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ጥናት ክፍል አቋቋሙ። ቀደም ሲል የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የሚያስተምሩት የክርስትናን ነገረ መለኮት ነበር። አዲሱ ክፍል ግን ቡድሂዝምን፣ ሂንዱይዝምን፣ እስልምናንና ሌሎችንም በእኩል ዓይን ይመለከት ጀመር።

2ኛ አቅራቢ፦ ተማሪው የራሱን እምነት እንዲተው ይጠየቃል?

1ኛ አቅራቢ፦ በፍጹም። ፍርዱን ለጊዜው አቆይቶ፣ አማኙ ዓለምን እንዴት እንደሚያይ ለመረዳት ይጥራል። አንድ የሂንዱ ቤተሰብ በቤቱ ባለው የጸሎት ስፍራ መብራት ያበራል፤ አበባና ፍራፍሬ ያቀርባል፤ በኋላም ፍራፍሬውን እንደ በረከት ይካፈላል። ይህን አይቶ «ልማድ ነው» ብሎ ማለፍ ጥናት አይባልም። ማን ያቀርባል? ማንስ ይካፈላል? ፍራፍሬውን በረከት ያደረገው ምንድን ነው?

2ኛ አቅራቢ፦ ስማርት ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ሰባት የሃይማኖት ገጽታዎችን ለይተዋል፦ ሥርዓተ አምልኮ፣ ትረካ፣ መንፈሳዊ ተሞክሮ፣ አስተምህሮ፣ ግብረ ገብ፣ ማኅበራዊ ተቋምና ቁሳዊ ቅርስ። ቆይቶ የታከለው የመጨረሻው ሕንፃዎችንና ሥዕሎችን ይይዛል። ይህ አከፋፈል ቅዱሳት መጻሕፍትን ብቻ አንብቦ ሃይማኖትን አወቅሁ ለሚል ትልቅ እርማት ነው።

1ኛ አቅራቢ፦ በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቅዱስን ለአምልኮ ማንበብን ሲከለክል፣ ስለ ሃይማኖት ማስተማር ግን ሕገ መንግሥቱን እንደማይጻረር አስረዳ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሃይማኖት ጥናት ክፍሎች ተበራከቱ።