ያበበ ሙዝ ጤናማ ቅጠሉ ይቆረጥን?
(በሁምቦ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በሁምቦ ተሰብስቦ ቢላዋን መንቀፍ አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዚህ ወረዳ 2,728 ሔክታር የተራቆተ ተራራ ደን ሊለብስ የቻለው፣ በአብዛኛው፣ ገበሬው ከጉቶው ከሚያቈጠቍጡት ቅርንጫፎች ብርቱውን መርጦ ሌላውን በመግረዙ ነው። ይሁን እንጂ በተራራው የበጀ ቢላዋ በጓሮ ላይበጅ ይችላል። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ያበበ ሙዝ ጤናማ ቅጠሉ ይቆረጥ ወይስ ይተው?

ቆራጩ ያለ ምክንያት አይቆርጥም። ብርሃንና አየር ይግባ ይላል፤ በበጋ ከብቱ መኖ ያጣል፤ የቤቱ እመቤትም ለዳቦ መድፊያ ቅጠል ትሻለች። ሆኖም የሙዝ ጠባይ ከዛፍ ይለያል። የእድገቱ ጫፍ ራሱ ወደ አበባ ስለሚለወጥ፣ አበባው ብቅ ካለ በኋላ አዲስ ቅጠል አይወጣም። ፍሬው የሚሞላው በዚያን ጊዜ በቆሙት ቅጠሎች ነው። ስለዚህም ሲያብብ ቢያንስ 8 ያህል ጤናማ ቅጠሎች እንዲኖሩት ይመከራል። ያን ጊዜ የተቆረጠ ጤናማ ቅጠል ምትክ የለውም።

ከቅጠሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቢላዋው ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የእንሰትን አጠውልግ በሽታ ምንነት እ.ኤ.አ. በ1968 ለሳይንስ ዓለም አስታወቁ፤ በ1974 ደግሞ ያው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ገለጡ። በ2001 በሽታው በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ። ባክቴሪያው በተክሉ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚኖር፣ የታመመውን የቆረጠ ስለት ጤናማውን ሲቆርጥ በሽታውን ያስተላልፋል። በወላይታ ጓሮ ሙዝና እንሰት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቢላዋቸውም አንድ ነው። ለከብት ተብሎ የተቆረጠ የሙዝ ቅጠል፣ ቤተሰቡ ለዓመታት ያሳደገውን እንሰት ሊያስከፍል ይችላል። የታመመውን እንሰት የሚያድን መድኃኒትም የለም።

እንግዲህ ለገበሬው የምንሰጠው ምክር ግልጽ ይሁን። ካበበ ሙዝ ላይ የደረቀው፣ በቅጠል በሽታ የተበላሸውና ፍሬውን እየታከከ የሚያቈስለው ይነሣ፤ ሌላው ይቆይ። መኖ የግድ ከሆነ፣ ገና ካላበበ ጤናማ ተክል የታችኛው ያረጀ ቅጠል ይወሰድ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲታለፍ ስለቱ በእሳት ይለብለብ ወይም በበረኪና ይታጠብ። ከጠወለገ ተክል የተወሰደ ቅጠል ለከብት አይሰጥ። የመጨረሻው የፍሬ እርከን እንደ ታየም፣ ነፍሳት በሽታውን የሚያስገቡበት የወንዴ አበባ ያለ ቢላዋ፣ በባለ መንታ እንጨት ተጠምዝዞ ይሰበር።

መኖ ላጣ ገበሬ «አትቁረጥ» ማለት ብቻ ግን ምክር አይባልም። በጓሮው ዳር የመኖ ሣር እንዲተክል ካልረዳነው፣ በበጋ ወደ ሙዙ መመለሱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ተወቃሾቹ እኛ ነን።