ማረፊያው ተገዛ፤ መነሻውስ?

አድማጮቼ፣ ዛሬም የመጣው ያው ቤት ውስጥ የሚዘል ልጅ ጥያቄ ነው። ክረምት ገብቶ ልጆች ቤት ሲውሉ ደግሞ ይብሳል። የዚህ ሳምንቱን የላከችልን ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ናት። የአራት ዓመት ልጇ ዓይኑን ከገለጠ ጀምሮ ከሶፋ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወለል ሲዘል ይውላል። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። ውጭ አገር ያለች እህቷ ልጆች እየዘለሉ የሚወድቁበትን ወፍራም የስፖንጅ ትራስ ፎቶ ልካላታለች። «ላስመጣለት ወይስ ይቅር?» ነው ጥያቄዋ።

ከሁሉ በፊት «ይሄ ልጅ ጤና የለውም» እያላችሁ የምታስደነግጧት ዘመዶች፣ እባካችሁ ተዉአት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚህም 60ው ደቂቃ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ የሚያደርግ ይሁን ይላል። ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው! ግቢው መኪና ማቆሚያ ሆኗል፣ ደረጃው አያጫውትም፣ ቤቱ አንድ መኝታ ነው። ልጁ ሦስቱን ሰዓት የት ይጨርሰው?

ደግሞ አንዳንዱ ልጅ ከሌላው የበለጠ መጋጨት፣ መጫንና መገፋት ይፈልጋል። ጡንቻችንና መገጣጠሚያችን ውስጥ እጅና እግራችን የት እንዳለ፣ ምን ያህል ጉልበት እንዳወጣን ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች አሉ። ሚዛን የሚጠብቀው ደግሞ ውስጠኛው ጆሯችን ነው። ጂን ኤርስ የተባሉ አሜሪካዊት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለዚሁ መጽሐፍ ካወጡ ወዲህ፣ በሕክምና ክፍሎች ውስጥ እንዲህ ያለ ትራስና ዥዋዥዌ የተለመደ ሆነ። ነገር ግን ሻጩ «ልጅዎን ያረጋጋል፣ ትኩረቱን ይመልሳል» ካለ ቆም በሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ማስረጃው ውስን ነው ብሏል። እኔ የምመክረው እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ መጫወቻ እንድታዩት ነው።

ማስመጣቱ ግን ለምን? ፍራሽና ሶፋ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ይገኛል። ከአቡጀዲ ትልቅ ከረጢት አሰፉና እሱን ሙሉት፤ ከላይ ዚፕ ያለው፣ እየወለቀ የሚታጠብ የወፍራም ሸራ ልባስ ይኑረው። ስፌቱ ድርብ ይሁን፤ ከተተረተረ ትንሹ ልጅ ስፖንጁን ቀርጥፎ ይበላዋል። ሲያልቅ እናንተ ራሳችሁ በጉልበታችሁ ተደገፉበት። ሲሚንቶው ከተሰማችሁ ቀጭን ነውና ጨምሩበት። ከከሰልና ከቡታጋዝ አርቁት፤ ስፖንጅ እሳት ከነካው በፍጥነት ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ። ሁላችሁም ስለ ማረፊያው ትጠይቁኛላችሁ፤ ልጁ ከየት እንደሚነሣ የጠየቀኝ የለም። ወለሉ ላይ የሚመች ነገር ያየ ልጅ ዛሬ ከሶፋው መቀመጫ ይዘላል፣ ነገ ከመደገፊያው፣ ከነገ ወዲያ ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ቁም ሣጥኑ ከግድግዳ ካልታሰረ ደግሞ ልጁ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮትና በረንዳ እንዳለ ለእናንተ አልነግርም። ስለዚህ ትራሱ ከመግባቱ በፊት ልጁ ሊወጣበት የሚችለውን ሁሉ ቀና ብላችሁ እዩ።

በሌላ አነጋገር፣ ስፖንጁ በወፈረ ቁጥር የልጁ ድፍረት ይጨምራል፤ የአንገቱ አጥንት ግን ያው ነው። መነሻ አንድ ብቻ ስጡት፤ ከጉልበቱ የማይበልጥ፣ የማይንሸራተት ዝቅተኛ በርጩማ ይበቃል። ትራሱም ከመስኮት፣ ከቴሌቪዥንና ከጠረጴዛ ጠርዝ ይራቅ። አንዱ ሳይነሣ ሌላው አይዘልም፤ በጭንቅላት መውደቅም ክልክል ነው። «እኔ ወጥ እየሠራሁ በጆሮዬ እጠብቀዋለሁ» ያላችሁኝ እናቶች አላችሁ። በጆሮ የሚሰማው ከወደቀ በኋላ ነው፣ እናቴ!

ቴክኒሻናችን ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፤ ልሩጥ። ገንዘቡ ከሌለ የድሮ ፍራሽ ለሁለት አጥፋችሁ አንጥፉ። መዝለል በማይቻልበት ሰዓት ትንሽ ውኃ ያለው ጀሪካን ይሸከም፣ የልብስ ቅርጫት ይግፋ፤ ጡንቻው ያንኑ ሥራ ያገኛል። ፊቱን ሳትሸፍኑ በጋቢ ጠቅልላችሁ ማቀፍም ብዙ ልጆችን ደስ ያሰኛል። ከታች ላሉት ጎረቤቶች መዝለያ ሰዓቱን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ቢቀር መልካም ነው። ልጁ ንግግሩ ከዘገየ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ ወይም ራሱን የሚጎዳ ከሆነ ግን ነገሩ ከትራስ ያልፋል፤ የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ቤት ውስጥ ዓመት ያልሞላው ጨቅላ ካለ ለአንዲት ደቂቃም ትራሱ ላይ አታስተኙት፤ ለስላሳው ስፖንጅ ትንፋሹን ያፍነዋል። ዜናው ደርሷል፤ ለባልደረቦቼ ልልቀቅ።