በውሻ ማደንና የልጆቻችን ክርክር



እዚህ ናይሮቢ ብዙዎቹ ልጆቻችን የሚማሩት በእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት ስለሆነ የክርክር ርዕሱም ከዚያው ይመጣላቸዋል። ዘንድሮ ይዘውልን የመጡት «በውሻ ማደን የትምህርት ቤት ስፖርት ሊሆን ይገባዋልን?» የሚል ነው። መጀመሪያ ሳቅን። ኋላ ግን እኛው ወላጆቹ ለሁለት ተከፈልን።

ነገሩ ተረት አይደለም። ኢተን በተባለው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1858 የአዳኝ ውሾች ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ቢግል የሚባሉት ትናንሽ ውሾች የጥንቸልን ጠረን ይከተላሉ፤ ተማሪዎቹም በፈረስ ሳይሆን በእግራቸው እየሮጡ ውሾቹን ይከተላሉ። ደጋፊዎቹ ልጁ ብርድና ጭቃ መቻልን፣ እንስሳ መያዝን፣ ጓደኞቹን መምራትን ይማራል ይላሉ። ይህን አናጣጥለውም።

ይሁን እንጂ በሎርድ በርንስ የተመራው አጣሪ ኮሚቴ በ2000 ባቀረበው ሪፖርት፣ ጥንቸሏ ሞቷ ፈጣን ቢሆንም በውሻ መባረሯና መያዟ ደኅንነቷን ክፉኛ እንደሚጎዳ ገልጿል። ይከልከል ግን አላለም። የከለከለው ፓርላማው በ2004 ያወጣው ሕግ ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ከፌብሩዋሪ 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ ወዲህ ውሾቹን ሰው በጎተተው ጠረን ማስሮጥ መጣ። መንገድ ላይ እውነተኛ ጥንቸል ብትነሳ ውሻው ሕጉን አያነብም፤ ጭቅጭቁም ያልበረደው ለዚህ ነው። ስኮትላንድ በ2023 ይህንንም ከልክላለች።

እኛ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነን። ሩጫውም ኃላፊነቱም ጥንቸል ሳትሞት ይገኛል። በአገራችን ገበሬው ውሻውን ከርከሮ ላይ የሚለቀው ማሳው እንዳይወድም ነው፤ ጥንቸልማ በእኛ ዘንድ አትበላም፣ ለምን ትገደላለች? እርግጥ ነው፣ አባቶቻችን አንበሳና ዝሆን ገድለው ፎክረዋል፣ ተሸልመዋልም። ልጆቹ ይህን ቢያነሱብን መልሳችን ቀላል አይሆንም። ለስፖርት ማደን ከ1977 ጀምሮ በተከለከለባት ኬንያ ያደጉ ናቸውና።

ያሳዘነን ሌላ ነው። ክርክሩ በእንግሊዝኛ ስለነበር ስለ አደን ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት አያቶች ዝም ብለው ተቀመጡ። ስለዚህ የሚቀጥለው ክርክር በአማርኛ እንዲሆን ጠይቀናል፤ ልጆቹም እሺ ብለዋል። አሁን የቸገራቸው «ቢግልን ምን እንበለው?» የሚለው ነው። ለጊዜው «አዳኝ ውሻ» በሉት ብለናቸዋል፤ የተሻለ ቃል ያላችሁ አያቶች ንገሯቸው።