ኮሽም በጓሯችን፦ አጥር ሆኖ ስለ ተረሳው የፍሬ ዛፍ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ብዙዎቻችን በአጥርነቱ እንጂ በፍሬ ዛፍነቱ የማናስበውን ኮሽምን ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ዶቭያሊስ አቢሲኒካ የሚባለው ይህ እሾሃም ዛፍ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ስፍራዎች በደንና በወንዝ ዳር ይበቅላል። የዘመኑ የዕፅዋት ምደባ ከአኻያ ጋር በአንድ ቤተሰብ ያስቀምጠዋል። ፍሬው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድቡልቡል ነው፤ ሲበስል ወደ ብርቱካናማ ቢጫ ይለወጣል፤ ኮምጣጣ በመሆኑም ለማርማላታ እጅግ ይስማማል።

አስቀድሞ የስሙን ጉዳይ ማጥራት ይገባል። በከተሞቻችን አጥር ላይ ከምናየው «ኮሽም» ከፊሉ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ዘመዱ ዶቭያሊስ ካፍራ ነው። የእንግዳው ፍሬ ተለቅ ያለ ሲሆን፣ በአገሩ ኮሽም ፍሬ ላይ ግን የአበባው ቅጠላት ሳይረግፉ ፍሬውን ከግርጌው አቅፈውት ይታያሉ። ሁለቱን በአንድ ስም ስንጠራ የአገሩ ዛፍ ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱን አናስተውልም።

ዋናው ቁም ነገር ግን የሚከተለው ነው። ኮሽም በአብዛኛው ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ የሚገኙ ዕፅ ነው። ፍሬ የምታፈራው ሴቴዪቱ ብትሆንም፣ ነፍሳት ከወንዴው ዛፍ የአበባ ብናኝ ካላመጡላት ታብባለች እንጂ አታፈራም። ችግኙ እስኪያብብ ድረስም ጾታው አይለይም። ስለዚህ አንድ ችግኝ ብቻ የተከለ ሰው ለዓመታት ተንከባክቦ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ከበሰለ ፍሬ የወጣውን ዘር አጥቦ ሳይዘገይ መዝራት፣ በርከት ያሉ ችግኞችን መትከል፣ ሲያብቡም አንድ ወንዴ አስቀርቶ ለሴቴዎቹ ቦታ መስጠት ነው። ጾታው የታወቀ ዛፍ በቁርጥራጭ ቢባዛ ልጁ የእናቱን ጾታ ይይዛል። በየጊዜው የሚከረከም አጥር አበባው ከቅርንጫፉ ጋር ስለሚቆረጥ፣ ፍሬ የሚፈለግበት ዛፍ ወደ ላይ እንዲያድግ ይለቀቅ።

ግቢው ጠባብ ለሆነበት የከተማ ነዋሪስ? እዚህ ላይ ጉዳዩ ከአንድ ቤት አጥር ያልፋል። ወንዴው በአንዱ ግቢ፣ ሴቴዪቱ በጎረቤቱ ግቢ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ንቡ የይዞታ ወሰን አያውቅምና። በአንጻሩ አንዱ ጎረቤት አጥሩን ነቅሎ የብሎኬት ግንብ ሲያቆም፣ የሌላው ዛፍ ሊመክን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ዛፉ ቆሞ ዘሩ ይቋረጣል፤ የሚታይ ጉዳት ስለሌለም ማንም አይደነግጥም።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የብዝኀ ሕይወት ጥበቃን ለብሔራዊ ፓርኮችና ለዘር ባንኮች ብቻ አትተዉት። በየሰፈራችሁ የቀሩትን የኮሽም ዛፎች ቍጠሩ፤ የአገሩን ከእንግዳው፣ ወንዴውንም ከሴቴው ለዩ፤ ብቻዋን የቀረች ሴቴ ብታገኙም በአቅራቢያዋ ችግኞችን ትከሉላት።