ፊርማው ለምን አነሰ?



ባለፈው ዓመት የአንዲት እናታችን ፊርማ በቁጠባ መዝገባችን ላይ ከወር ወር እያነሰ መጣ። ሒሳብ ክፍል ያለነው "ፊርማው አይመሳሰልም" ብለን የገንዘብ ማውጫ ቅጻቸውን ሁለት ጊዜ መለስን። እሳቸውም አፍረው ከስብሰባ ቀሩ። በኋላ ሐኪም ሲያያቸው ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም መሆኑ ታወቀ። የእጅ ጽሕፈት ማነስ ከምልክቶቹ አንዱ ነው፤ እኛ ግን አላወቅንም።

ይህን ሕመም እንድንረዳው ካደረጉት ሰዎች አንዱ ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ኦሌህ ሆርኒኪዬቪች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 በቪየና የሟች ሕሙማንን አንጎል መርምረው፣ ለሰውነት እንቅስቃሴ የሚያስፈልገው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር እጅግ መጉደሉን አሳዩ። በ1961 ከሐኪሙ ቫልተር ቢርክማየር ጋር ሆነው፣ አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠውን ሌቮዶፓ ለሕሙማን በመርፌ ሰጡ። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ሰዎች ለጥቂት ሰዓታት ተነሥተው ተራመዱ።

ሌቮዶፓ ዛሬም ዋናው መድኃኒት ነው። ጉድለቱን ይሞላል እንጂ የአንጎል ሴሎችን መሞት አያቆምም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ሳይቋረጥ ይወሰዳል።

እህቶቻችን፣ የእጅ መንቀጥቀጥን "እርጅና ነው" ወይም "ቡዳ ነው" ብለን አንለፈው፤ ሐኪም ይየው። እናታችን አሁን በጣት አሻራ ያወጣሉ፤ ወደ ስብሰባችንም ተመልሰዋል። እኛም ከእንግዲህ ፊርማ ሲለወጥ ቅጹን ከመመለሳችን በፊት "እማማ፣ ደህና ነዎት ወይ?" ብለን እንጠይቃለን።